ማሾ ልኮ ማሽን ማስገባት፦ ከሸዋ ሮቢት ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ደብረ ብርሃን

ማሾ፣ ያቺን አረንጓዴ ትንሽ ጥራጥሬ፣ መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ኅዳር ላይ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ጆንያ በጆንያ ላይ ተቆልሏል፣ ሚዛኑ ተሰቅሏል፣ ደላላው በየጥላው ቁጭ ብሏል። ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ሳምንት መጋዘን ይሞላል። ሰው የሚያስለቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ጥቂት ዓመት ማሾና ሽምብራ ልኬአለሁ። በዚያው ገንዘብ ደግሞ ማሽንና መለዋወጫ አስገብቻለሁ። አትርፌም አውቃለሁ፣ ከስሬም አውቃለሁ። የከሰርኩባቸውን ጭነቶች አንድ በአንድ ሳስብ፣ መኪና ገደል ገብቶ የከሰርኩበት የለም። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ የያዘው መኪና ጭጋጉ ሲገፈፍ ይሄዳል። ወረቀት የያዘው ዕቃ ግን በየቀኑ እየከፈላችሁለት ይቀመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ስለ መኪና አይደለም። ስለ ወረቀት ነው፣ ማን መቼ ምን እንደሚጽፍ።

ገዢው አገር ምን ይላል?

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመግዛት ነው። ዋጋው ጥሩ ነው ይባላል፣ እንገዛለን፣ መጋዘን እንከታለን፣ ከዚያ ገዢ ፍለጋ ስልክ እንቀጠቅጣለን። ገልብጡት። መጀመሪያ ገዢው፣ ከገዢውም በፊት የገዢው አገር ሕግ።

ለምን? ሕንድን እንውሰድ። በዓለም ላይ እንደ ሕንድ ማሾ የሚበላ አገር የለም። እኛ ራሳችን ብዙም አንበላውም፣ የምናመርተው ለነሱና ለመሰሎቻቸው ነው። የካቲት 2014 ላይ ሕንድ የማሾ ማስገቢያ ሕጓን ከ«ነጻ» ወደ «የተገደበ» ቀየረችው። በአንድ ማስታወቂያ፣ በአንድ ቀን። በዚያ ሰሞን ሕንድን ብቻ ተማምኖ መጋዘን የሞላ ሰው ምን እንደሆነ ገምቱት። ቬትናም፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኤምሬትስ፣ ፓኪስታን ሁሉ ገዢ አላቸው፤ ግን ኢንዶኔዥያ የሚፈልገው የፍሬ መጠንና የጥራት ደረጃ ሌላው ከሚፈልገው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ኩንታል ሳትገዙ ገዢውን በጽሑፍ ጠይቁት። በስልክ አይደለም፣ በኢሜይል ወይም ቢያንስ በዋትሳፕ ጽሑፍ። የትኛው ወደብ? እርጥበቱ ቢበዛ ስንት በመቶ? ባዕድ ነገርና የተሰበረ ፍሬ እስከ ስንት? ከረጢቱ ባለ 25 ነው ባለ 50 ኪሎ? ከረጢቱ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ምንድን ነው? የሚፈልጋቸው የምስክር ወረቀቶች ዝርዝርስ? በተለይ የመጨረሻውን። ዕቃው ባህር ላይ ከወጣ በኋላ «የጭስ ማጠን ምስክር ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ መጠን አልተጻፈም» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ምንም ብትሉ አታመልጡም።

ፈቃዱን በአጭሩ

የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የባንክ ሂሳብ፣ ለጥራጥሬ የሚያስፈልገው የብቃት ማረጋገጫ። ይሄን ሁሉ ንግድ ቢሮ ይነግራችኋል፣ እኔ ጊዜያችሁን አላባክንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማሾ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በምርት ገበያ የሚገበያይ ሰብል ነው። ከገበሬው ደጅ ጭኖ በቀጥታ ጅቡቲ የሚባል ነገር የለም ብላችሁ ጀምሩ። በየትኛው መንገድ መግዛት እንደሚፈቀድላችሁ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ግዢው በምርት ገበያ ነው ወይስ ሕጉ በሚፈቅደው ሌላ ውል? መሸኛ (የማለፊያ ወረቀት) የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ሲያዝ «አላወቅኩም ነበር» የሚል ቃል የሚሰማ ጆሮ የለም።

ዶላሩና ስሌቱ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የድሮ ስሌት ይዞ የሚገባ ሰው አሁንም አለ።

ከሐምሌ 2016 በፊት ኤክስፖርት ለብዙ ሰው ራሱን የቻለ ንግድ አልነበረም። ዶላር ማግኛ ነበር። ማሾውን እዚህ በውድ ገዝቶ፣ ውጭ በርካሽ ሽጦ፣ በቀረችው ዶላር ጎማ ወይም መለዋወጫ አስገብቶ፣ ኪሳራውን ከዚያ ላይ የሚያወጣ ነጋዴ ሞልቶ ነበር። ገበሬው ደስ ይለው ነበር፣ ንጹህ ላኪ ግን መፎካከር አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ይሄ ጨዋታ ተገለበጠ። ያኔ በወጣው መመሪያ ላኪው ካገኘው ዶላር ግማሹን በሂሳቡ እንዲያስቀር ተፈቀደለት፣ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብ ቀረ፣ ምንዛሪ ተከልክለው የነበሩ 38 ዓይነት ዕቃዎችም ተፈቀዱ። መመሪያው ከዚያ በኋላም ስለሚሻሻል የዛሬውን ከባንካችሁ ጠይቁ።

ለእናንተ ትርጉሙ አንድ ነው። ኤክስፖርቱ ብቻውን ማትረፍ አለበት። ማሾውን የገዛችሁበትን፣ ማበጠሪያውን፣ የሚጎድለውን ክብደት (ሲበጠር 100 ኩንታል የገባ 100 ሆኖ አይወጣም)፣ ከረጢቱን፣ መኪናውን፣ ትራንዚተሩን (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመውን)፣ ጅቡቲ የሚከፈለውን፣ የባንኩን ወለድና ኮሚሽን ሁሉ በአንድ ወረቀት ደምሩ። ከዚያ ገዢው ባቀረበው ዋጋ ላይ አስቀምጡት። ካልወጣ አትላኩ። «ኢምፖርቱ ይክሰዋል» የሚለው ሐሳብ እየቀረ ነው።

ክፍያው፣ እና የሁለት ከረጢት ነገር

ክፍያው በኤልሲ (የገዢው ባንክ ሰነድ ሲሟላ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው ዋስትና)፣ በካድ (ገዢው ሲከፍል ብቻ ባንክ ሰነዱን የሚሰጠው) ወይም በቅድሚያ በቲቲ (በባንክ ሐዋላ) ይሆናል። ገዢው በቲቲ ቀድሞ ከላከላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ እየሳቃችሁ ጫኑ። ግን አዲስ ላኪን ማን ያምናል? በካድ ከሆነ ዕቃችሁ ወደቡ ላይ ደርሶ ገዢው «አልፈልግም» ቢል አውላላ ሜዳ ላይ ናችሁ፤ መልሳችሁ አታመጡት፣ እዚያው በግማሽ ዋጋ ለሌላ ትሸጡታላችሁ። ካድ የምታውቁት ገዢ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ኤልሲ ይሻላል፤ ኤልሲ ግን ዕቃ አያይም፣ ወረቀት ነው የሚያየው።

የኔን ልንገራችሁ። ኤልሲው ላይ «380 ከረጢት፣ 19 ቶን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ባለ 50 ኪሎ ነው፣ ሒሳቡ ልክ ነው። የጭነቱ ቀን ሁለት ከረጢት ከላይ ተወርውሮ ተቀደደ። ፍሬው መሬት ፈሰሰ፣ ከአፈር ተቀላቀለ። የጫኝ አለቃው «ተወው ጋሼ፣ ሁለት ከረጢት ምን አላት» አለኝ። እኔም ተውኩት። ሰነዱ ሁሉ በ378 ተሰራ። እውነቱ 378 ስለሆነ ነዋ።

ባንኩ መለሰው። በዓለም ላይ ያሉ ባንኮች በኤልሲ ሲሰሩ ዩሲፒ 600 በሚባል ደንብ ነው የሚሄዱት። ደንቡ መጠኑ በክብደት ብቻ ከተጻፈ 5 በመቶ ከፍ ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። በከረጢት ቁጥር ከተጻፈ ግን አይፈቅድም። ሁለት ከረጢት፣ 1 ኩንታል ማሾ! በዚያ ሰሞን የማሾ ዋጋ ወርዶ ስለነበር ገዢው ምክንያት አገኘ። ቅናሽ ካላደረግክ ሰነዱን አልቀበልም አለ። አደረግኩለት። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የኤልሲው ረቂቅ ሲመጣ በከረጢት ቁጥር የተጻፈ መጠን ካለ በክብደት ይጻፍልኝ፣ ከረጢቱ «በግምት» ይባልልኝ እላለሁ። ካልተስማሙ ደግሞ ጭነቱ ላይ አሥር የተሞላ ትርፍ ከረጢት ይዤ እቆማለሁ። አሥር ከረጢት መልሶ ወደ መጋዘን ማስገባት ምንም አይደለም።

ኤልሲ ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የማታውቁት ቃል ካለ ባንካችሁ ያለው ልጅ ጋር ሂዱ፣ አታፍሩ። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን መቼ ነው? ሰነድ የማቅረቢያው ጊዜስ? ኤልሲው ሌላ ካላለ ሰነዱ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ባንኩ ደግሞ ለማየት 5 የሥራ ቀን አለው። የዕቃው ስም በኤልሲው ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደሉ ሳይቀር፣ ኢንቮይሱ (የዋጋ መጠየቂያ ሰነዱ) ላይ መሄድ አለበት። ኤልሲው የስም ስህተት ካለው ስህተቱን እንዳለ ቅዱት ወይም ኤልሲውን አስቀይሩ። በራሳችሁ አታርሙ። እኔ እንግሊዝኛ ላርም ብዬ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ፣ እሱ ይቆየን።

ማሾውንና ኮንቴይነሩን ማሰናዳት

ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጅቡቲ ደግሞ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ማሾው እነዚህን ሁሉ አልፎ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ባህር ላይ ሳምንታት ይቆያል። እርጥበት ካለው ኮንቴይነሩ ከውስጥ ያልበዋል። ጣራው ላይ ጤዛ ይቋጥርና መልሶ ከረጢቱ ላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው ረድፍ ይሻግታል። ገዢው ፎቶ አንስቶ ሲልክላችሁ ዝናብ የገባ ይመስላችኋል፤ ዝናብ አይደለም፣ የራሱ ላብ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሳይደርቅ አትጫኑ። ግድግዳውንና የላይኛውን ረድፍ በወፍራም ወረቀት አልብሱ። እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስቀሉ። ከሁሉ በፊት ግን ኮንቴይነሩን ራሳችሁ አይታችሁ ተቀበሉ። ውስጡ ግቡ፣ በሩን ከውጭ ያዘጉባችሁ፣ ጨለማው ውስጥ ቁሙና ዙሪያውን እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካያችሁ ያን ኮንቴይነር አትቀበሉ። ወለሉን አሽትቱ፤ ኬሚካል ወይም ዓሣ ከሸተተ ማሾአችሁም ያንኑ ይሸታል።

ነቀዝ ሌላው ነው። ነቀዝ ማሾን እንደሚወድ ያላየ የለም። ጭስ የሚያጥነው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን፣ ጊዜውን ጠብቆ ያጥን፣ ምስክር ወረቀቱን ያኔውኑ ተቀበሉ። መጋዘኑ እየታጠነ ዘበኛ እውስጥ እንዳያድር። ቀልድ አይደለም፣ መድኃኒቱ ሰው ይገድላል። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው፣ ቁጥጥሩ ከመጫኑ በፊት ስለሆነ መኪናው ሞተር አስነስቶ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ያዙት። የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱን ከንግድ ምክር ቤት ታወጣላችሁ።

አንድ ውሳኔ ከዚህ ጋር ይመጣል፦ ኮንቴይነር ውስጥ እዚህ ነው የምትሞሉት፣ ወይስ በጆንያ በተሳቢ ጭናችሁ ጅቡቲ ላይ ትገለብጣላችሁ? ብዙው የኛ ጥራጥሬ በሁለተኛው መንገድ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ባዶ ኮንቴይነር ወደ ላይ ማምጣት ውድ ነው። 400 ኩንታል ተሳቢ ላይ ጭኖ መውረድ ይቀላል። ግን ጅቡቲ ላይ ሌላ ጫኝ፣ ሌላ ሙቀት፣ ሌላ የሚቀደድ ከረጢት አለ፤ እናንተም የላችሁም። በሁለተኛው መንገድ ከሄዳችሁ እዚያ የሚቆጥርላችሁና ፎቶ የሚያነሳላችሁ የታመነ ሰው ይኑር። ትርፍ ባዶ ከረጢትም ላኩለት። ኮንቴይነሩ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ሲመዘን የተረጋገጠው ጠቅላላ ክብደቱ ለመርከብ ድርጅቱ መቅረብ አለበት፣ ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሕግ ግዴታ ነው። ያ ቁጥር ከሌለ መርከብ ላይ አይወጣም።

መንገዱ

ከሸዋ ሮቢት ሁለት መንገድ አለ። ወደ ላይ በአጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በባቲ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ። ወይም በደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ካርታ ላይ የመጀመሪያው ግልጽ ነው፣ በጣም ያጥራል። ካርታ ግን የመንገድ መዘጋት አያውቅም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የኛ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ መኖሩን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሾፌሩ ማታ «ጋሼ መንገድ የለም» ብሎ ሲደውል የምታደርጉትን ከወዲሁ አስቡ።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ውሉ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ የሚለው አንቀጽ መንገድ መዘጋትን በስሙ እንዲጠቅስ አደርጋለሁ፣ «ወዘተ» ውስጥ አይደበቅም። የመጫኛውን የመጨረሻ ቀን ከሚያስፈልገኝ በላይ ሦስት ሳምንት አርቄ እጠይቃለሁ። መንገድ ሲዘጋ በዚያው ቀን ለገዢው እጽፋለሁ፤ ኤልሲውም ጊዜው ሳያልፍ እንዲራዘም እጠይቃለሁ። ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ማራዘሚያ ልመና ነው። ኢንሹራንሱን ደግሞ ከመጋዘን እስከ መጋዘን ግዙ፣ ፖለቲካዊ ሁከትና ሽብር የሚለውን ተጨማሪ ሽፋን ጠይቁ፣ ተራው ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ እሱን አይሸፍንም። ዋጋው ይቆረቁራል። ቢሆንም ግዙት።

ባቡርስ ለሚሉኝ፦ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ባቡር ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ይሠራል፣ ግን እሱን ለማግኘት ጭነታችሁ አዲስ አበባ ወይም ሞጆ አካባቢ መድረስ አለበት። በኛ ቆላ በኩል ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋውን ሐዲድ ከመኪና መስኮት እያየን እናልፋለን። የኔን ማሾ ግን ጭኖልኝ አያውቅም።

መኪና ስትከራዩ ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ። ከፊሉን ስጡ፣ ቀሪው ጅቡቲ ማራገፉን የሚያሳይ ወረቀት ሲመጣ ይሁን። የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬውን፣ ታርጋውን፣ የተሳቢውንም ታርጋ ለብቻ ፎቶ አንሱ። ኮንቴይነር ከሆነ የሲሉን (የበሩን እሽግ) ቁጥር ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የቀረበው የዕቃ መግለጫ) ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ጋላፊ ላይ አንድ ቁጥሩ የተሳሳተ እሽግ ማለት የሁለት ቀን ሙቀትና የሾፌር አበል ማለት ነው።

ቀናት

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ጅቡቲ ዓርብ ዝግ ነው፣ የነሱ የሥራ ሳምንት እሁድ ነው የሚጀምረው። የኛ ቢሮ ደግሞ እሁድ ዝግ ነው። ሐሙስ ከሰዓት የጎደለ አንድ ወረቀት ማለት ሰኞ ማለት ነው። መሐል ላይ የኛ በዓል፣ የነሱ በዓል፣ ገዢው ቻይና ከሆነ የቻይና አዲስ ዓመት ከገባ ደግሞ ሳምንቱ ወር ይሆናል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የሦስት አገር ካላንደር አለ። ጭነት ከጅቡቲ በር እንዲደርስ የምፈልገው እሁድ ወይም ሰኞ ነው፣ በፍጹም ሐሙስ አይደለም።

የመርከብ ኪራይም ቢሆን ከኅዳር 2016 ወዲህ፣ በቀይ ባህር መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ፣ የትናንቱ ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ የጦርነት ተጨማሪ የሚባል ክፍያም መጣ። ዋጋ ስትቀበሉ «እስከ መቼ ይጸናል? ተጨማሪዎቹ ሁሉ ተካተዋል?» በሉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ማሽኑን ማስገባት

አሁን ዶላሩ ገባ እንበል። ማበጠሪያ ማሽን ልታስገቡ ነው። እዚህ ላይ የሚጎዳን ችኮላ ነው። ፕሮፎርማው (ሻጩ የሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ) ሲመጣ ዋጋውን ብቻ እናያለን።

የመጀመሪያው ሥራ የታሪፍ ቁጥሩ ነው፣ ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበት ቁጥር። የጥራጥሬና የእህል ማበጠሪያ ማሽን በዓለም አቀፉ አመዳደብ 8437 ውስጥ ነው። ሻጩ ፕሮፎርማው ላይ ዝም ብሎ «የኢንዱስትሪ ማሽን» ብሎ ሌላ ቁጥር ከጻፈ፣ ባንክ በዚያ ይፈቅዳል፣ ጉምሩክ ሲያየው ሌላ ነው ይላል፣ እናንተ መሐል ትቀራላችሁ። ትራንዚተራችሁን ዕቃው ሲደርስ ሳይሆን ፕሮፎርማው ሲመጣ አማክሩት። ስሙ፣ ሞዴሉ፣ ኃይሉ፣ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ካላችሁ ማሽኑ ከቀረጥ ነጻ የመግባት ዕድል አለው፤ የቀረጥ ነጻ ደብዳቤው ግን ዕቃው ከመጫኑ በፊት እጃችሁ ይግባ።

ቀረጡን በራሳችሁ አስሉ። ብዙ ሰው «ቀረጡ 20 በመቶ ነው» ሲባል 20 በመቶ ብቻ ይመስለዋል። እስቲ መለዋወጫ እንበል፣ ከነማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 1 ሚሊዮን ብር ደረሰ፣ ኤክሳይዝ የለውም። ቀረጡ 200 ሺህ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፣ ግን የሚሰላው በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ላይ ነው፤ 180 ሺህ። ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ እሱ ደግሞ የተደራረበው 1 ሚሊዮን 380 ሺህ ላይ፤ 138 ሺህ። ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚያዝ የገቢ ግብር) 3 በመቶ፣ ከመነሻው 1 ሚሊዮን ላይ፤ 30 ሺህ። ሶሻል ዌልፌር ሌቪ (የማኅበራዊ ልማት ክፍያ) 3 በመቶ፣ እሱም ከመነሻው ላይ፤ ሌላ 30 ሺህ። ድምሩ 578 ሺህ ብር። 20 በመቶ ያላችሁት ወደ 58 በመቶ ሄደ። ተጨማሪ እሴት ታክሱና ዊዝሆልዲንጉ በኋላ ይቀናነሳል፣ እሱ እውነት ነው፤ ዛሬ ግን ከኪስ ይወጣል። ከአንዳንዱ ክፍያ ነጻ የሆኑ ዕቃዎች አሉ፣ ምጣኔውም ይለዋወጣል፣ ስለዚህ የናንተን ዕቃ በናንተ ቀን አጣሩ። የምንዛሪ ዋጋው ሲወጣም ይሄ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ገንዘቡን ሳታዘጋጁ ዕቃው ከደረሰ ደረቅ ወደብ (አገር ውስጥ ያለው የኮንቴይነር ማራገፊያ) ላይ ያለው ኪራይ ይበላችኋል።

ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ? አትሞክሩት። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። ትክክለኛ ዋጋ ከፍላችሁ እንኳን «ያንሳል» ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ የሚያድናችሁ የባንክ ማስተላለፊያው፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁት፣ ፕሮፎርማውና ኢንቮይሱ መግጠማቸው ነው። ካልተስማማችሁ ቅሬታ ማቅረብ መብታችሁ ነው። ወረቀት ያለው ሰው ነው ቅሬታ የሚያቀርበው።

መልቲ ሞዳል ወይስ ዩኒ ሞዳል? በመልቲ ሞዳል ዕቃው በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የጭነት ሰነድ) እስከ ደረቅ ወደብ ይመጣል፣ ጅቡቲ ላይ የሚሆነው የአጓጓዡ ጣጣ ነው። በዩኒ ሞዳል ጅቡቲ ላይ የራሳችሁ ትራንዚተር አስጨርሶ የራሳችሁ መኪና ይጭናል፣ ፈጣን ሊሆን ይችላል፣ ግን እዚያ የሚወጣው ወጪ በውጭ ምንዛሪ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መልቲ ሞዳል ሂዱ። መድረሻውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ለደብረ ብርሃን ሰው ሞጆ ነው የተለመደው፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ለሚያራግፍ የኮምቦልቻውን ደረቅ ወደብ ጠይቁ። አንዴ ሰነድ ላይ ሞጆ ከተባለ በኋላ መቀየር ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

የኔ የመጀመሪያ ማሽን ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቀኑ ጥር 20 ነበር፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኮንቴይነሩ ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ውስጡ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ይዞ፣ እኛ ስድስት ወጣትና አንድ ገመድ ይዘን ቆመናል። ክሬን አልያዝኩም ነበር። ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ሁለቱ ክሬኖች አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ የሌላው ኦፕሬተር ለበዓል አገሩ ገብቷል። መኪናው ሦስት ቀን ቆመ። የመኪናው ማስቆሚያ ክፍያ አንድ ነው፣ የኮንቴይነሩ መቆያ ክፍያ ሌላ። ስለዚህ ኮንቴይነሩ ከደረቅ ወደብ ሳይወጣ ክሬኑን ቀጥራችሁ፣ ቀብድ ሰጥታችሁ፣ የበሩን ስፋት በሜትር ለክታችሁ ጠብቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦውንም ከበሩ በላይ እዩት፣ ክሬን አንገት አለው።

ከመፈታቱ በፊት ኮንቴይነሩን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ፣ እሽጉ ሳይሰበር አንድ፣ ከተሰበረ በኋላ አንድ። ማሽኑ የተሰበረ ነገር ካለው ለኢንሹራንሱ የምታሳዩት ይሄንን ነው። ከዚያ ባዶውን ቶሎ መልሱ። ስትመልሱ የመመለሻ ደረሰኙን እዚያው ቁማችሁ ተቀበሉ፤ የኮንቴይነሩ ቁጥርና ቀኑ በትክክል መጻፉን እዩ። ለኮንቴይነሩ ተቀማጭ ያስያዛችሁት ገንዘብ የሚመለሰው በዚያች ወረቀት ነው። የኔ ደረሰኝ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ለወር ተቀምጣ፣ ታጥባም ነበር። ቁጥሩ ግን ይነበባል ብለው ተቀበሉኝ።